አዲስ ቤት ሳይቆም ንድፉን ስለ ማረም

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነገር ማደሪያ ቤት ነው። ምግብ በየቀኑ ይለወጣል፤ ልብስም ባረጀ ጊዜ ይተካል፤ ቤት ግን አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ብዙ ዘመን የሚኖሩበት ስለ ሆነ በመጀመሪያው ቀን የተደረገ ስሕተት ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ያረጃል፤ ልጆቹም በዚያው ስሕተት ውስጥ ተወልደው ያድጋሉ። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው እንጨቱንና ሣሩን፥ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ከመግዛቱ አስቀድሞ የቤቱን ንድፍ ሊያስብበት፥ ካሰበም በኋላ መርምሮ ሊያርመው ይገባል። አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብለው የተረቱት ለድስት ብቻ አይደለም።

ንድፍ ወይም ፕላን ማለት ክፍሎቹ፥ በሮቹና መስኮቶቹ በየት በየት እንደሚሆኑ፥ ቤቱም ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር የሚያሳይ ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል በወረቀት ላይ በእርሳስ ይሣላል፤ ወረቀት የሌለውም ሰው በመሬት ላይ በካስማና በሲባጎ ሊሥለው ይችላል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ግድግዳ በላጲስ ይጠፋል፤ በሲባጎ የተሳሳተ ግድግዳ ካስማውን በመንቀል ይቃናል፤ በጭቃ የቆመውን የተሳሳተ ግድግዳ ለማቃናት ግን ገንዘብም ጕልበትም እንደ ገና ይፈልጋል። እንግዲህ ቤትን ለማሻሻል ከሁሉ የሚረክሰው ጊዜ ግድግዳው ገና ያልቆመበት ጊዜ ነው።

ስለ አገሩ ጠባይ

ንድፍ የሚያርም ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው አገሩን ነው። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 1570 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከዚያ ወደ ሸርቆሌና ወደ ኩርሙክ ሲወርዱ ቆላው እየበረታ ይሄዳል። ዝናቡ በብዛት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንማል፤ በዓመትም ከ1000 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ሙቀቱ የሚከብደው በየካቲት፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የወባ ትንኝ ይበዛል፤ በምድሩ ውስጥም ምስጥ አለ። እንግዲህ በዚህ አገር የሚሠራ ቤት አምስት ነገሮችን ድል ማድረግ አለበት፤ እነርሱም የምዕራብ ፀሐይ፥ ጢስ፥ ትንኝ፥ ምስጥና የክረምት ውኃ ናቸው።

ሰው ወደ አዲስ አገር ሲሄድ ዘሩንና ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም መልክ በልቡ ይዞ ይሄዳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅና በረኃብ ምክንያት ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሕዝብ መጥቶ በአሶሳ ዙሪያ ሰፈረ። በደጋ የኖረ ሰው የሚያውቀው ቤት መስኮቱ ጠባብ ወይም ከነጭራሹ የሌለ፥ እሳቱ በመካከል የሚነድድ፥ ሙቀቱን አምቆ የሚያሳድር ቤት ነው። ይህ ቤት ውርጭ በሚወርድበት አገር ብልኅነት ነው፤ በአሶሳ ግን ያው ብልኅነት ሙቀቱንና ጢሱን በሚተኙ ሰዎች ላይ ይዘጋል። ዛሬ ደግሞ ከከተማ የሚቀዳ ሌላ መልክ መጥቷል፤ እርሱም ቆርቆሮ የለበሰ፥ አራት ማዕዘን የሆነ፥ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ቤት ነው። ይህም ከአገሩ ጋራ ሳይመከር የቆመ እንደ ሆነ እንደ ፊተኛው ያሳስታል። የሚያሳስተው ሣሩ ወይም ቆርቆሮው ሳይሆን ያለ ምርመራ መቅዳት ነው።

ስሕተት ያለበት ንድፍ ምሳሌ

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ አንድ ባለ ትዳር ሰው በአሶሳ አጠገብ ባለ መንደር ቤት ሊሠራ አሰበ እንበል። ቦታው በስተምዕራብ ከመንገድ ጋራ ይዋሰናል። ሰውየው ቤቱን 8 ሜትር በ6 ሜትር አድርጎ ነደፈው፤ ስፋቱም 48 ካሬ ሜትር ሆነ። ፊቱ ወደ መንገድ እንዲሆን ብሎ 8 ሜትር የሆነውን ረጅሙን ግድግዳ ወደ ምዕራብ አዞረው። ከፊት በኩል 8 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ሳሎን አደረገ። ከኋላ በኩል የቀረውን ሦስት ከፈለው፤ በሰሜን ጫፍ የባልና የሚስት መኝታ 3 በ3 ሜትር፥ በመካከል የልጆች መኝታ 3 በ3 ሜትር፥ በደቡብ ጫፍ ማድ ቤት 2 በ3 ሜትር ሆነ። ወደ ልጆች መኝታ የሚያስገባውን በር በወላጆች መኝታ ውስጥ አደረገው።

ይህ ንድፍ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ክፍሉም ሁሉ ሞልቷል። ነገር ግን ሰው እንደሚኖርበት አድርገው በአሳብ ቢመላለሱበት አምስት ጕድለት ይገኝበታል።

1ኛ፤ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ስለ ዞረ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይ ሳሎኑን ታቃጥለዋለች። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

2ኛ፤ የኋላ ክፍሎች መስኮታቸው በምሥራቅ በኩል ብቻ ነው። ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት ስለሌለው አየሩ እንደ ረጋ ያድራል።

3ኛ፤ ማድ ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ሆኖ በሩ ወደ ሳሎን ስለሚከፈት ጢሱ ቤቱን ሁሉ ይዞራል።

4ኛ፤ ልጆች ወደ መኝታቸው ለመግባትና ሌሊትም ለመውጣት በወላጆቻቸው አልጋ አጠገብ ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ልጅ ሲያድግ ይህ ለሁሉም ያሳፍራል።

5ኛ፤ እህል ማስቀመጫ የሚሆን ጓዳ የለም፤ ስለዚህ ጆንያው በሳሎኑ ጥግ ይከመራል፤ አይጥም ይከተለዋል።

የታረመው ንድፍ

አሁን ስፋቱን ሳይጨምሩ ንድፉን ማረም ይቻላል። ከ48 ካሬ ሜትር ውስጥ 6 ካሬ ሜትር የሆነውን ማድ ቤት ከቤቱ አውጥቶ ለብቻው በጓሮ ማቆም ነው። የቀረው 42 ካሬ ሜትር 10 ሜትር ተኩል ርዝመት፥ 4 ሜትር ወርድ ያለው ረዘም ጠበብ ያለ ቤት ይሁን። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች አንዱ ወደ ሰሜን፥ አንዱ ወደ ደቡብ ይመልከቱ።

ክፍሎቹ በአንድ ረድፍ ይሁኑ። በምዕራብ ጫፍ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ጓዳ፤ ቀጥሎ 2 ሜትር ተኩል የወላጆች መኝታ፤ ቀጥሎ 3 ሜትር ተኩል ሳሎን፤ በምሥራቅ ጫፍ 3 ሜትር የልጆች መኝታ። ይህ ሁሉ ሲደመር 10 ሜትር ተኩል ነው። የሁለቱም መኝታ በር ወደ ሳሎን ይከፈታል፤ የጓዳው በር በወላጆች መኝታ ውስጥ ይሆናል። ጓዳ የቤቱ ሀብት መጠበቂያ ስለ ሆነ ከውስጥ መሆኑ የቆየ ልማድ ነው፤ በዚህ ንድፍ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ የምዕራብን ፀሐይ በራሱ ላይ ተቀብሎ ለሚተኙት ሰዎች ጋሻ ይሆናል። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ መስኮት አይደረግ።

ወጪው እንዴት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ልኩን ቈጥሮ ማየት ይችላል። በፊተኛው ንድፍ የዙሪያው ግድግዳ 28 ሜትር፥ የውስጡ 14 ሜትር፥ በጠቅላላው 42 ሜትር ነበር። በታረመው ንድፍ የዙሪያው 29 ሜትር፥ የውስጡ 12 ሜትር፥ በጠቅላላው 41 ሜትር ነው። ለብቻው የሚቆመው ማድ ቤት 10 ሜትር ግድግዳ ይጨምራል፤ ነገር ግን ይህ ቀላል ግድግዳ ስለ ሆነ በተፈለጠ ሽመል ሊሠራ ይችላል። የውስጥ በሮቹ በፊትም ሦስት ነበሩ፥ አሁንም ሦስት ናቸው። ወደ ምዕራብ የሚዞረው ግድግዳ ግን ከ8 ሜትር ወደ 4 ሜትር ወረደ። ዳግመኛም ጣራው የሚሸፍነው ወርድ ከ6 ሜትር ወደ 4 ሜትር ስላነሰ አጠር ያለ እንጨት ይበቃዋል።

ገንዘቡ ያልሞላለት ሰውም በዚህ ንድፍ ተስፋ አለው። ክፍሎቹ በረድፍ ስለ ሆኑ ዘንድሮ ሳሎኑንና አንዱን መኝታ ሠርቶ፥ ከርሞ የልጆችን መኝታ በምሥራቅ በኩል መቀጠል ይችላል። ነገር ግን የወደ ፊቱ ክፍል የሚያርፍበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በካስማ ሊለይ ይገባል።

ስለ ፀሐይና ስለ በረንዳ

አሶሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ 8 ገደማና በነሐሴ 21 ገደማ፥ ቀትር ላይ በትክክል በአናት ላይ ታልፋለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክረምት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው ወራት ሁሉ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ይህን ያወቀ ሰው የጣራውን ክፈፍ በልክ አውጥቶ የሰሜንንና የደቡብን ግድግዳ ማጥላት ይችላል። በታኅሣሥ 12 ገደማ ቀትር ላይ 1 ሜትር የወጣ ክፈፍ በደቡብ ግድግዳ ላይ 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። በሰኔ 14 ገደማ ያው ክፈፍ በሰሜን በኩል ከ4 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ስለሚጥል ግድግዳውን ሁሉ ይሸፍነዋል። የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በክፈፍ አትመለስም፤ በእነዚያ ወገኖች ያለው መድኀኒት ግድግዳውን ማሳጠርና ዛፍ መትከል ነው።

በረንዳው በሰሜን በኩል ይሁን። በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ ስለምትሄድ የሰሜኑ በረንዳ ጥላ ሆኖ ይውላል። በዚያም እንግዳ ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ልጆችም ያጠናሉ። ከምዕራቡ መንገድ የሚመጣ ሰው ጥቂት ዞሮ በሰሜን ደጃፍ ይገባል። አንዳንድ ሽማግሌ «ቤት ፊቱን ለመንገድ ካልሰጠ ምን ያምራል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በመንገድ የሚያልፈው ሰው ቤቱን የሚያየው ለጥቂት ጊዜ ሲሆን በቤቱ የሚኖሩት ግን በየማታው ሙቀቱን ይቀበላሉ። ለዓይን ሲባል ቤተ ሰብን ማቃጠል አይገባም፤ ለመንገድ ወገን ያማረ አጥር ይበቃል።

መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ይሁኑ። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ክፍሉ ይተነፍሳል። ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰውም ከቆርቆሮው በታች ከሽመል የተሠራ ሰሌን ኮርኒስ አድርጎ በመካከል የአየር መተላለፊያ ቢተውለት የቀኑ ሙቀትና የዝናቡ ጩኸት ይቀልለታል።

ስለ ማድ ቤትና ስለ ጢስ

ስለ ማድ ቤት የሚነገረው ነገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ ጢስ በሚመጣ በሽታ በዓለም 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ጢስ የሚያስለቅሰው ዓይንን ብቻ አይደለም፤ በሳንባ ውስጥ እየገባ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፥ በአዋቂዎች ላይ የልብና የመተንፈሻ በሽታ ያመጣል። ከሁሉ የሚበልጠውን ጢስ የምትቀበለው ገንፎ የምታገነፋውና እንጀራ የምትጋግረው ሴት ናት፤ ከእርሷም ጋራ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን።

ስለዚህ ማድ ቤቱ በጓሮ፥ በደቡብ በኩል፥ ነፋሱ ጢሱን ከቤቱ ወደ ውጭ በሚያርቅበት ቦታ ይቁም። የነፋሱን መንገድ ለማወቅ በበጋና በክረምት በእንጨት ላይ ጨርቅ አስሮ ወዴት እንደሚውለበለብ መመልከት ይበቃል። የማድ ቤቱ ግድግዳ በላይኛው ግማሽ ክፍት ይሁን፤ ምድጃውም ጢስ መውጫ ይኑረው። ቤቶቹ ቆርቆሮ የለበሱ ከሆኑ ከቤቱ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ ትንሽ ጣራ ያለው መተላለፊያ ቢደረግ ሴቲቱ በክረምት ድስት ተሸክማ በዝናብ አትመላለስም። ክዳኑ ሣር የሆነ እንደ ሆነ ግን እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ማድ ቤቱን አርቆ መተላለፊያውን መተው ይሻላል።

በብዙ ቤተ ሰብ፥ ይልቁንም በበርታ እስላሞች ዘንድ፥ ወንድ እንግዳ በተቀመጠበት ሴቶች እየተመላለሱ እንዳያልፉ መጠንቀቅ የክብር ነገር ነው። ንድፉ ይህንም ማክበር ይችላል። ከልጆች መኝታ ወደ ጓሮ የሚወጣ አንድ ትንሽ በር ቢጨመር እንግዳው በሰሜኑ በረንዳና በሳሎኑ ሲቀመጥ ሴቶች በደቡቡ በር ወደ ማድ ቤት ይመላለሳሉ።

ስለ ትንኝ

ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትነድፈው በሌሊት ሲሆን ወደ ቤት የምትገባውም በመስኮትና በበር ብቻ አይደለም፤ በግድግዳውና በጣራው መካከል በሚቀረው ክፍተትም ትገባለች። በምዕራብ አፍሪካ በጋምቢያ አገር ተደርጎ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በግልጥ አሳይቷል። በራቸውና መስኮታቸው በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ፥ የጣራቸውም ክፍተት በተዘጋ ቤቶች የገባው ትንኝ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ደም ማነስ የተገኘባቸውም ሕፃናት ባልተሸፈኑት ቤቶች ከመቶ 19 ሲሆኑ በተሸፈኑት ከመቶ 12 ሆኑ።

ነገር ግን ክፍተቱ ሁሉ በጭቃ ቢደፈን ቤቱ ይታፈናል። ስለዚህ ነፋስ የሚያልፍበትን ቦታ በጭቃ ሳይሆን በወንፊት ሽቦ መዝጋት ይገባል። የመኝታ ክፍል ልክም ከአጎበር ጋራ አብሮ ይታሰብ። ወርዱ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አልጋ በ2 ሜትር ተኩል ክፍል ውስጥ በአንድ ወገን ቢቀመጥ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተርፋል፤ አጎበሩንም አልጋው ሥር ሸጉጦ ለማደር ይመቻል። አልጋው ክፍሉን ሁሉ የሞላ እንደ ሆነ ግን አጎበሩ በየሌሊቱ ይረገጣል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ስለ መሠረትና ስለ ምስጥ

የአገሩ ሰው ጎተራውን በድንጋይና በእንጨት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያቆመው እህሉን ከእርጥበትና ከምስጥ ለማዳን ነው። ለእህል የተደረገው ጥበብ ለሰው ቤትም ይገባል። መሠረቱ በድንጋይ ተሠርቶ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ወደ ደጃፉም ሦስት ደረጃ ይበቃዋል። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ ቆርቆሮ ቢነጠፍ ምስጥ በስውር ሊወጣ አይችልም፤ ሊወጣ ቢወድም በቆርቆሮው ላይ የጭቃ መንገድ ሲሠራ ይታያል። ባለቤቱ በየወሩ ቤቱን እየዞረ ይህን የጭቃ መንገድ ቢፈልግና ቢያፈርስ ቤቱን ብዙ ዓመት ያቆየዋል። በመሠረቱ አጠገብ አፈር፥ እንጨትና ሣር አይከመር።

በአሶሳ አገር ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ በብዛት ይገኛል። ግንዱ እንደ ደጋው ቀርከሃ ባዶ ሳይሆን ድፍን ሊባል የሚችል ስለ ሆነ ለማገርና ለጣራ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ለጋው አይቆረጥ፤ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው በበጋ ይቆረጥ። ከተቆረጠም በኋላ ነቀዝ የሚወደው ጣፋጭ ነገር ታጥቦ እንዲወጣ በወራጅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ዘፍዝፎ በጥላ ማድረቅ ይገባል።

ስለ ውኃና ስለ ግቢው

የቤት ንድፍ በግድግዳው አያልቅም፤ ግቢውም የንድፉ ክፍል ነው። የጣራው ጠፈጠፍ መሠረቱን እንዳይበላ በዙሪያው ቦይ ይቆፈር። ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው አሸንዳ ቢያደርግ ውኃውን በበርሜል ያጠራቅማል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። የታረመው ቤት ክፈፉ በየወገኑ 1 ሜትር ሲወጣ የጣራው ሽፋን 12 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር፥ ማለት 75 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንም 1500 ሊትር ውኃ ይወርድበታል። መጠራቀሚያው ግን ክዳን ይኑረው፤ አለዚያ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

መጸዳጃው ከቤቱ ራቅ ብሎ፥ ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ ከጕድጓዱም በታች ባለው ዝቅታ ይቆፈር። የከብትና የፍየል ጋጣም ከመኝታው መስኮት ይራቅ።

ስለ ክብ ቤት

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው ክብ ቤት የተናቀ እንዳይመስለው። በበርታና በጉሙዝ መንደሮች ከጥንት የመጣው ክብ ቤት የራሱ ጥበብ አለው። 15 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ በክብ ቢዞር 19 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይይዛል፤ ያው ግድግዳ በአራት እኩል ማዕዘን ቢሠራ ግን የሚይዘው 15 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ክብ ቤት የሚሠራ ሰውም ማድ ቤቱን ለብቻው ቢያቆም፥ በፊት ለፊት ሁለት መስኮት ቢከፍት፥ መሠረቱን ከፍ ቢያደርግ፥ ክፍተቱንም በወንፊት ሽቦ ቢዘጋ ይህ ምክር ሁሉ ተፈጽሞለታል። በአንድ ግቢ ውስጥ ለመኝታ አንድ፥ ለማድ ቤት አንድ፥ ለእንግዳ አንድ ክብ ቤት ማቆምም ያው ንድፍ ነው፤ ግቢው ሳሎን ሆነ ማለት ነው።

በትምህርት ቤት የሚደረግ ልምምድ

መምህራን ይህን ነገር በቃል ብቻ አያስተምሩት። ተማሪዎቹ ካስማና ሲባጎ ይዘው ወደ ሜዳ ይውጡና የታረመውን ቤት በመሬት ላይ ይንደፉት። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፥ በሌላው 4 ሜትር ለክተው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉ፤ ያን ጊዜ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ቤቱን ከነደፉ በኋላ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለኩት፤ ሁለቱም ሰያፎች 11 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆኑ ንድፉ ትክክል ነው። ከዚያም በሮቹን በድንጋይ አመልክተው በሲባጎው ቤት ውስጥ ይመላለሱ፤ አንዱ እንግዳ፥ አንዲቱ ውኃ የተሸከመች እናት፥ አንዱ በሌሊት የሚወጣ ሕፃን ይሁኑ። የት ላይ እንደሚጋጩ ያን ጊዜ ይታያቸዋል።

ቤት የሚሠራ ሰውም እንዲሁ ያድርግ። ከካስማው በፊት ሚስቱን፥ እናቱንና ትልልቆቹን ልጆች ያማክር። በልማድ ስለ ቤት የሚመክሩት ወንዶች ናቸው፤ ከጥዋት እስከ ማታ ግን በቤቱ ውስጥ የምትውለው ሴቲቱ ናት። እንስራው የት እንደሚቀመጥ፥ ወፍጮው የት እንደሚሆን፥ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እርሷ ሳትጠየቅ የቆመ ቤት ከተከደነ በኋላ ማረሚያው ይከብዳል።

የመንደር ሽማግሎችም በዚህ ረገድ ትልቅ ሥራ አላቸው። ወጣት ጎልማሳ ጎጆ ሲወጣ ለመመረቅ ይጠራሉ። ከእንግዲህ ወዲህ ቤቱ ተከድኖ ለምርቃት ከመጠራታቸው አስቀድሞ፥ ሲባጎው በተዘረጋበት ቀን ቢጠሩ፥ ፀሐይ በየት እንደምትወጣና በየት እንደምትጠልቅ፥ ክረምት ውኃው በየት እንደሚወርድ፥ ምስጥ በየት እንደሚበዛ ካዩት ከሰሙት ቢነግሩት ይህ ምክራቸው ራሱ ታላቅ ምርቃት ነው። ግድግዳው ቆሞ ሳለ የሚሰጥ ምክር ጸጸት ይሆናል፤ ካስማው ሳይተከል የሚሰጥ ምክር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጤና ይሆናል።